የነገ ግሥ ዘበኛ

እንግሊዝኛ በሚነገርበት ከተማ ሁሉ አንድ አራሚ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። የአንዱ ከተማ አራሚ ፊደል ላይ ይበረታል፤ የሌላው አነጋገር ላይ። የአሰላው አራሚ፣ ክቡር ጋሼ እንደሻው፣ ከሁሉም የሚለዩት ሥልጣናቸውን በአንድ ነገር ላይ ብቻ በመወሰናቸው ነው። ትናንትን ለሕዝቡ ለቀውለታል። «አይ ጎ የስተርደይ» ያላቸውን ሰው በዝምታ ያልፉታል፤ አንዴ ያለፈ ነገር ምን ይደረጋል ባይ ናቸው። ስለ ነገ ሲወራ ግን ግሡ ከተበላሸ አይምሩም።

«ነገን አትስበሩት» ይላሉ፣ ጣታቸውን አንስተው። «ገና ሳይደርስ ምን አደረጋችሁ?»

ሠላሳ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ረዘም ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ብርድ ቢሆን ሙቀት ያችን ቡናማ ኮታቸውን አይለዩም፤ በደረት ኪሳቸው ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር እስክሪብቶ አለ። ሰማያዊው ለመጻፍ፣ ቀዩ ለማረም፣ ጥቁሩ ቀዩ ሲያልቅ። ከተማው እሳቸው በሌሉበት «ጋሼ ዊል» ይላቸዋል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው ሚልካ ናት። ሚልካ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከርማለች፤ ሥራው እስኪመጣ ብላ የከፈተቻት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ግን ሥራው ሳይመጣ ደንበኛ አፈራች። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ዲፕሎማ ኮፒ ስታደርግ ትውላለች። በዘጠነኛ ክፍል ያስተማሯት ጋሼ እንደሻው፣ ባለቤታቸው እማማ የሺሃረግ ካረፉ ወዲህ፣ በየማለዳው ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ከማሽኑ አጠገብ ያለችውን ወንበር ይይዛሉ። ለማረፍ አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ማመልከቻ ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ ነው።

ሥራቸው ግን ከሱቁም ውጭ ነው። አንድ ጊዜ ዋናው መንገድ ላይ ሊከፈት የታሰበ ሆቴል «ዊ ዊል ኦፕኒንግ ሱን» የሚል ባነር ሰቀለ። ጋሼ እንደሻው ለሦስት ቀን በዚያ መንገድ ማለፍ አቃታቸው። በአራተኛው ቀን ከዘራቸውን ለዘበኛው አስይዘው፣ የውሃ በርሜል ላይ ወጥተው፣ «ኢንግ» የምትለዋን በማርከር ሰረዟት። ባለቤቱ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አድርጌዎት ነው?»

«አንተ እኔን ምንም አላደረግከኝም። ነገን ነው ያደረግከው።»

ሆቴሉ ሳይከፈት ሁለት ዓመት ሲሞላው ተመልሰው ሄዱና «ሱን» የምትለዋንም ሰረዟት።

ሁሴኖ የሚባል ባለ ባጃጅ ደግሞ በኋላ መስታወቱ ላይ «አይ ዊል ሪች» ብሎ ለጥፎ ነበር። ጋሼ እንደሻው መንገድ መሀል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት፤ ሦስት ተሳፋሪ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ በመካከሉ «ቢ» የምትባል ቃል እንደጎደለችና ያለ እሷ ሰው እንደማይበለጽግ አስረዱት። ሁሴኖ ሰው ያከብራል፤ «ቢ»ን ጨመረ። በሳምንቱ ጎማው ሁለቴ ፈንድቶ ጎሚስታ ቤት ሲመላለስ ሰነበተ። «ሚልካ፣ ያቺን ፊደል ልንቀላት ይሆን?» ብሎ አማከራት።

የሠርጉን ነገር ግን ከተማው እስከ ዛሬ አይረሳውም። ሙሽራው እንግሊዝኛ አማረውና በጉባኤው ፊት ለሙሽሪት «አይ ዊል ላቪንግ ዩ ፎርኤቨር» አላት። ከሦስተኛው ረድፍ «ላቭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፓስተሩ ጋብቻውን የሚቃወም ሰው የተነሣ መስሏቸው መጽሐፉን ዘጉ፤ የሙሽሪት እናት ወንበር ያዙ። ጋሼ እንደሻው ረጋ ብለው ቆሙና «ተቃውሞ የለኝም። ይውደዳት። ነገር ግን በትክክል ይውደዳት» ብለው ተቀመጡ። ሙሽራው ደገመው፤ በትክክል።

አንዴም ሳንባ ምች ይዟቸው ክሊኒክ ተኝተው፣ ወጣቱ ሐኪም «ዩ ዊል ካን ጎ ሆም ቱሞሮ» ቢላቸው፣ በዚህ ግሥ ከአልጋዬ አልወርድም ብለዋል። ምግብ ይዛላቸው የሄደችው ሚልካ ነበረች፤ ሐኪሙ «ዊል ቢ ኤብል ቱ» እስኪል ስትጠብቅ ሾርባው ቀዘቀዘ።

ታዲያ በሚያዝያ መጀመሪያ ሚልካ አንድ ማስታወቂያ አገኘች። የገብስ ዝርያ የሚያጠና ፕሮጀክት እንግሊዝኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚችል አስተርጓሚ ለሁለት ዓመት ይፈልጋል። ዕፅዋት ተምራለች፣ ሁለቱን ቋንቋ ከቤቷ ይዛለች፤ እንግሊዝኛው ብቻ ነው የሚያስፈራት። የሠራችው ጥፋት ማስታወቂያውን ጋሼ እንደሻው ተቀምጠው ሳለ ጮክ ብላ ማንበቧ ነው።

«ፈተናው መቼ ነው?» አሏት።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ። ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን...»

«ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ።»

ለሦስት ሳምንት ሱቋ ትምህርት ቤት ሆነች። የይዞታ ደብተሩን ኮፒ ሊያስደርግ ከጢቾ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ቆሞ ተማረ።

«ስሚ» ይላሉ ጋሼ እንደሻው፣ ባዶ ወረቀት በቀይ እየሞሉ። «መንገድ ዳር ቆመሽ ባጃጅ አየሽ። ለካስ ደክሞሻል፤ 'በቃ እሳፈራለሁ' አልሽ። አሁን ነው የወሰንሽው። ዊል። ጠዋት ከአልጋሽ ስትነሺ ጀምሮ ዴራ ለመሄድ ካሰብሽስ? 'ዴራ ልሄድ ነው' ነው የምትይው። ጎይንግ ቱ። ረዳቱ ቦታ ይዞልሽ፣ ሻንጣሽ ከላይ ታስሮ ከሆነ ደግሞ፣ በቃ አለቀ፤ አይ አም ጎይንግ።»

«ሁሉም ዞሮ ዞሮ መሄድ አይደል?»

«አይደለም። አንዱ ሰው ይቀራል።»

«የቱ?»

«ባጃጅ አይቶ የወሰነው።»

ችግሩ ትምህርቱ በዛ። ሚልካ ቀድሞ ተሳስታም ቢሆን ትናገር ነበር፤ አሁን ግን ስለ ነገ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጀመር በተነሣች ቁጥር ሦስት መንገድ እየተከፈተባት ከመስቀለኛው ላይ ትቆማለች። እናቷ «ምሳ ትመጫለሽ?» ቢሏት እንኳ መጀመሪያ መቼ እንደወሰነች ታስባለች። የፈተናው ዋዜማ ላይ «ጋሼ፣ አጠፉኝ» አለቻቸው። እሳቸው እንደ ምስጋና ወሰዱት።

ፈታኟ ዶክተር ፊዮና የምትባል፣ ከስኮትላንድ የመጣች፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ወጣት ተመራማሪ ናት። ሚልካ በነጋታው ጠዋት ዶክተሯ ያረፈችበት ሆቴል ስትደርስ ክፍል ውስጥ ፈተና የለም አለቻት። በበቆጂ በኩል ወደሚገኝ አንድ ገበሬ እየሄዱ ነው፤ አብራ ሄዳ ታስተርጉም፤ ፈተናው እሱ ነው። ሚልካ እሺ ብላ ወደ መኪናው ስትሄድ የኋላው ወንበር ላይ ቡናማ ኮት አየች።

ጋሼ እንደሻው ከረባት አድርገዋል። ሾፌሩ ይቅርታ በሚጠይቅ ፊት አያት። «አባቷ ነዎት ወይ ብላቸው 'በግሥ በኩል' አሉኝ። ዘመድ ናቸው ብዬ ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«በቆጂ ጉዳይ አለኝ።»

«ምን ጉዳይ?»

«እዚያ ስንደርስ ይታወቃል።»

ዶክተሯ ሽማግሌ ማሳፈር ደስ ይላታል መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ ከፊት ተቀመጠች። መኪናው እንደተነሣ ዞር አለችና ለሚልካ «አይም ጎና አስክ ዩ አ ፊው ክዌስችንስ፣ ኦኬይ?» አለቻት።

ጋሼ እንደሻው ወደ ሚልካ ጠጋ አሉ። «ምን አለች?»

«ጥያቄ ልጠይቅሽ ነው አለችኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። በምን ግሥ ነው ያለችው?»

ሚልካ ሲብስባት «ጎና» አለች።

«ጎና የሚባል ግሥ የለም።»

«ጋሼ፣ ቋንቋው የራሷ ነው።»

«የራሷ ከሆነማ ታክብረዋ።»

«ጎና» የምትለዋ ቃል ለዶክተሯ ጆሮ ደርሳ ነበርና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። ሚልካ የሁለት ዓመት ሥራዋ በመኪናው መስኮት ሲወጣ ታያት። ጋሼ እንደሻው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ባለቤት ጋር ፊት ለፊት ሆነው፣ «ማዳም፣ ጎይንግ ቱ» አሏት። ሴትዮዋ ለአፍታ አየቻቸው። ከዚያ ሳቀችና እናቷም አስተማሪ እንደሆነች፣ ይህንኑ እንደምትላት ነገረቻቸው። እስከ በቆጂ ድረስ ያች ቃል አፏ ላይ በመጣች ቁጥር ወደ ኋላ እያየች ለሁለት ትከፍላት ነበር። ሚልካ ግን ግማሹን ጥያቄ በላብ ነው የመለሰችው።

ገበሬው ሚልኬሳ የሚባሉ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ካፖርት ለብሰው ከአጥሩ ውጭ ተቀበሏቸው፤ ወንበር አስወጡ፤ ወተት አስቀረቡ። ዶክተሯ የመጣችበትን ነገረች። በሰኔ አዲስ የገብስ ዘር የሚሞከርበት ቁራጭ መሬት ትፈልጋለች፤ ከቤቱ በታች ያለችውን ሜዳ አይታ ወዳታለች። ይሰጧት ይሆን?

ሚልካ ይህን በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ሚልኬሳ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳያመነቱ፣ «ኒ ኬኒና» አሉ። እንሰጣለን ማለት ነው።

ዶክተሯ እስክሪብቶ ይዛ ሚልካን ጠበቀች። ሚልካም አፏን ከፈተች፤ ተከፍቶ ቀረ። የገበሬው ቃል እንደ አማርኛው እንሰጣለን ነው፤ ለአሁንም ለነገም ትሆናለች። አሁን እንግዳ ሲያዩ ነው የወሰኑት? ወይስ ከቤተሰብ ጋር ተመክሮ ያለቀ ነው? ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን አንዱን አንሥቶ ይወረውርና ያልፍ ነበር። እሷ ግን አልቻለችም። ወደ ጋሼ እንደሻው ዞር አለች። እሳቸው ሆን ብለው ወደ ላሞቹ ያዩ ነበር።

«ይቅርታ፣ አባ» አለች ሚልካ በኦሮምኛ፣ ፊቷ እየጋለ። «እንሰጣለን ያሉት አሁን እኛን ሲያዩ ነው ወይስ ቀድሞ የተወሰነ ነው?»

ሚልኬሳ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ሣቅ አሉ። «ልጄ፣ ሰው ከባሕር ማዶ ደጄ ድረስ መጥቶ ለምኖኝ እምቢ ልበል?»

«እንግዲያውስ ከቤት ጋር አልተማከሩም?»

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ጠጂቱ ወተቱን ይዘው ቆመው ነበር። ማሰሮውን መሬት አስቀመጡ። «የትኛውን መሬት ነው የሚሰጠው?» አሉ። «የታችኛውን? የታችኛው ላይ እኮ እኔ ድንች ልተክል ነው። ዘሩን ገዝቼ ጓዳ አስቀምጫለሁ፤ እሱም ያውቃል።»

ሚልኬሳ ወተት መጠጣት ጀመሩ።

ዶክተሯ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየች ምን እንደተባለ ጠየቀች። ሚልካ ትንፋሽዋን ሰበሰበች። እንዳታብራራ እንግሊዝኛው አልበቃትም፤ እንዳትዋሽ ያስተማሯት ሰው ከኋላዋ ቆመዋል። አጭሩ መንገድ ብቻ ቀረላት። ወደ ባልየው ጠቆም አድርጋ «ሂ ዊል» አለች። ከዚያ ወደ ሚስትየዋ። «ሺ ኢዝ ጎይንግ ቱ።»

ዶክተር ፊዮና እስክሪብቶዋን ማስታወሻዋ ላይ አጋደመች። ከዚያ እየሳቀችም እያዘነችም የመሰለ ፊት አሳይታ፣ ባለፈው ዓመት አሥር ገበሬዎች መሬት እንሰጣለን ማለታቸውን፣ አስተርጓሚው ሁሉንም አለቀ ብሎ እንደነገራት፣ በሰኔ ዘሩን ጭና ስትመጣ ግን አምስቱ ላይ ስንዴ ተዘርቶ እንዳገኘች ነገረቻት። እስከ ዛሬ ያታለሏት መስሏት ነበር። ለካስ ማንም አላታለላትም፤ እንግዳ አክብረው ነው።

ጠጂቱ ይህ ሲተረጎምላቸው አዘኑላት። ከጅረቱ ማዶ ያለችው የላይኛዋ መሬት ሥራ ፈታ እንደምታድር ተናግረው፣ ባላቸውን አይተው፣ «እሷን እንስጣት» አሉ። ሚልካ ደግማ ጠየቀች፤ ሁለቱም አዎ አሉ። ዶክተሯ ጻፈች።

ሲመለሱ ዶክተሯ ደስ ብሏታል። ይህን የመሰለ ጥያቄ መጠየቅ ማን እንዳስተማራት ጠየቀች፤ ሚልካም ወደ ጎኗ ጠቆመች። ሴትዮዋ ወንበሯ ላይ እስከ ወገቧ ዞረችና ጋሼ እንደሻውን በአክብሮት፣ ቀስ ብላ እየተናገረች፣ ከእንግዲህስ ምን እንዳሰቡ፣ ማስተማራቸውን ይቀጥሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ እንደሻው ሠላሳ ስድስት ዓመት ስለ ነገ ሲያስተምሩ፣ የእርስዎስ ነገ እንዴት ነው ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «የስ ማዳም» አሉ። «አይ ዊል ቲቺንግ ሀር ኤቭሪ ዴይ።»

ዶክተሯ «ላቭሊ» ብላ ወደ ፊት ዞረች።

«ዊል ቲቺንግ»። ጋሼ እንደሻው ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ሲሄድ ያዩት ይመስል ወደ መስታወቱ ዞሩ፤ ጆሯቸው ቀላ። ሚልካ በተቀመጠችበት ቦታ ለመቀመጥ ግማሹ አሰላ ምን ባልሰጠ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት፣ ሙሽራው፣ ሐኪሙ፣ ሁሴኖ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ መልሳ አሰረችው።

አሰላ ሲወርዱ «ሰማሽ?» አሏት ቀስ ብለው።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ምንም አይደል።» ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ሥራውን ማግኘቷ ተደውሎ ተነገራት፤ ቤታቸው ድረስ ሄዳ በሩን አንኳኳች። «አመም አድርጎኛል። እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት ከውስጥ፣ በአማርኛ ብቻ። ሳምንት ሞላ። ደንበኞች ወንበሯ ባዶ መሆኗን አይተው በነፃነት መሳሳት ጀመሩ፤ ሚልካ ግን ማሽኑ ድምፁን የቀነሰ መሰላት። ሁሴኖ እንኳ ባጃጁን ከሱቋ ፊት አቁሞ «ጋሼ ምን ሆኑ? መንገዱ ላይ የሚያስቆመኝ አጣሁ» አላት።

በዘጠነኛው ቀን ሚልካ ነጭ ወረቀት ወሰደች። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ገጠር ልትወጣ ነው፤ ሱቁን የምትረከበው የአክስቷ ልጅ ሶፊ ደግሞ ከአዳማ የምትመጣው በሳምንቱ ነው። ይህን በትልልቁ በእንግሊዝኛ ጻፈችና መስታወቱ ላይ ለጠፈች። «ዊ ዊል ክሎዚንግ ኦን መንደይ» ይላል መጀመሪያው መስመር። «ዩ ዊል ካን ካም ባክ» ይላል ሁለተኛው። ከሥሩ ደግሞ፣ ሱቁ ዝግ ሆኖ የሚቆየው «አንቲል ሶፊ ዊል ካም» እንደሆነ ጻፈች። ከዚያ ገብታ ማሽኑን እንደሚያጸዳ ሰው ተቀመጠች።

አምስት ሰዓት ገደማ ቡናማው ኮት በማዶ በኩል አለፈ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጥቂት ሄዶ ቆመ። ተመለሰ። ከመስታወቱ ፊት ተገትሮ ብዙ ቆየ፤ ሚልካ ጎንበስ ብላ አቧራ የሌለበትን ቦታ ትወለውላለች። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

ጋሼ እንደሻው ሰላም አላሉም። ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ በጥንቃቄ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ወንበራቸውን ሳቡ። ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ» አሉ፣ ድምፃቸው እየሞላ፣ «እዚህ ቁጭ ብዬ ማንን ነበር የማስተምረው?»

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ምን አጠፋሁ?»

«ነይ ቅረቢ።»

ሚልካ ሣቋን ውጣ ቀረበች። ሆን ብላ ያስገባችው ስህተት ሁለት ነበር፤ በላይኞቹ ሁለት መስመሮች። ጋሼ እንደሻው ሦስት አገኙ።